ለሰብሳቢ ተብሎ ስለታተመ ሣጥን፦ ለእህቴ ልጅ የተጻፈ ምክር

የእህቴ ልጅ፣

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መጫወት መጀመርህን፣ አሁን ደግሞ መጻሕፍቱን መሰብሰብ እንዳማረህ ነግረኸኛል። ጥያቄህ ተራውን ሽፋን ልግዛ ወይስ ለሰብሳቢ ተብሎ የወጣውን የሚል ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በማተሚያ ቤትና በጥራዝ ሥራ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላም መጽሐፍ መጠገን አልተውኩም፤ ከሚመጡልኝም ውስጥ ብዙዎቹ የእነዚሁ ጨዋታዎች መጻሕፍት ናቸው፤ ጀርባቸው የተላቀቀ፣ ቡና የፈሰሰባቸው፣ ልጅ በእርሳስ የጫረባቸው። ባለቤቶቻቸው ሥራው እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ያወሩኛል፤ ወሬ የማይሰለቻቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ምክሬን የጠራዥ ምክር አድርገህ ውሰደው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌልሃለሁ።

ይህን ሌላም ሰው ያነበዋልና ጨዋታውን ባጭሩ ላስረዳ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል፤ ዳንጀን ማስተር ይሉታል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ። የሚያደርጉትን በቃል ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ ያልታወቀውን ነገር ባለ 20 ፊት ዳይስ ይወስነዋል። የሚያስፈልገው መጽሐፍ፣ እርሳስ፣ ወረቀትና ዳይስ ነው። ሌላ የለም፤ የአሳታሚዎቹም ጭንቀት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

1. በመጀመሪያ አሳታሚዎች ለምን እንደሚፈልጉህ እወቅ።

አምስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲጫወት አንድ መጽሐፍ ይበቃዋል። ደህና አድርጎ የተጠረዘ መጽሐፍ ደግሞ ቶሎ አያረጅም። በ1978 የወጣውን የተጫዋቾች መመሪያ ይዘው ዛሬም የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዱን እኔው ጠግኜዋለሁ። ለተጫዋቹ በረከት የሆነው ይህ ነገር ለአሳታሚው መርዶ ነው። አንዴ የሸጠለት ደንበኛ ተመልሶ እስኪመጣ 20 ዓመት ሊጠብቅ አይችልም።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ጨዋታውን ዛሬ የሚያሳትመው የዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ፕሬዚዳንት የነበሩት ሲንቲያ ዊልያምስ በዲሴምበር 2022 ለኢንቨስተሮች ሲናገሩ፣ ዳንጀን ማስተሮች ከተጫዋቹ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆኑም ከገንዘብ ከፋዮቹ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነሱ መሆናቸውን ገልጸዋል። ሌላው ተጫዋች ከጓደኛው መጽሐፍ እያነበበ፣ ከጓደኛው ዳይስ እየተዋሰ ይጫወታል። እንግዲህ ለአሳታሚ ሁለት መንገድ ነው ያለው። ወይ ያልገዙትን አራቱን እንዲገዙ ማድረግ፣ ወይ የገዛው አንዱ ያንኑ መጽሐፍ ደግሞ እንዲገዛው ማድረግ። የመጀመሪያው ከባድ ነው፤ የሰው ልጅ በነጻ ያገኘውን ነገር አይገዛም። ሁለተኛው ግን ይቻላል፤ ልዩ እትም የተፈጠረውም ለዚህ ነው።

ይህን ስልህ አጭበርባሪዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። የመጫወቻ አምራቹ የሃዝብሮ ንብረት ከሆነው ከዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በቀር አብዛኞቹ አሳታሚዎች ጥቂት ሠራተኛ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች ናቸው። በልዩ እትም የሚያገኙት ትርፍ ተራውን መጽሐፍ የሚያሳትሙበት ገንዘብ ይሆናል። አንተ ግን የማንን ችግር እየፈታህ እንደሆነ አውቀህ ክፈል።

2. ሣጥኑ ላይ «ለሰብሳቢ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ያ ጽሑፍ ስለ ዋጋው ምንም አይነግርህም።

ይህን በደንብ ስማኝ፤ የምነግርህ ነገር ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው።

በ1974 መጀመሪያ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የጻፉት ጨዋታ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ ከምትባል ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ወጣ። የያን ጊዜው አሳታሚ ቲኤስአር፣ ጋይጋክስና ጓደኞቹ ባዋጡት ገንዘብ የቆመ ድርጅት ነበር። 1,000 ሣጥን አዘጋጁ። ሣጥኑ የእንጨት መልክ ባለው ቡናማ ወረቀት የተለበጠ ካርቶን ሲሆን፣ ውስጡ በሽቦ የተያዙ ሦስት ስስ መጻሕፍትና ጥቂት የማመሳከሪያ ወረቀቶች ነበሩበት። ዋጋው 10 ዶላር። ሣጥኖቹን ቤታቸው ውስጥ በእጃቸው እያሰናዱ ነበር የሚልኩት።

ያን ጊዜ ማንም ቅርስ ነው ብሎ አልገዛውም። ተጫወቱበት። በእስክሪብቶ አሰመሩበት፣ የሣጥኑ ማዕዘን ተቀደደ፣ ልጆቹ ኮሌጅ ሲገቡ እናቶቻቸው ከአሮጌ ልብስ ጋር አወጡት። ከ1,000ው የቀረው ጥቂት ሆነ። ዛሬ ያ ቡናማ ሣጥን በጥሩ ይዞታ ከተገኘ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል።

ጨዋታው ሲስፋፋ ቲኤስአር ያንኑ ጽሑፍ በነጭ ሣጥን ደጋግሞ አሳተመው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ የተሻሻሉ መጻሕፍት ሲመጡ አሮጌው ሣጥን ምን ይሁን ተባለ። መልሱ ቀላል ሆነ፤ ሽፋኑ ላይ «ዋናው የሰብሳቢዎች እትም» የሚል ጽሑፍ አተሙበትና መሸጡን ቀጠሉ። እስከማውቀው ድረስ በዚህ ጨዋታ ታሪክ ሰብሳቢ የሚባለውን ሰው በስሙ ጠርተው ከሸጡለት ዕቃ ቀደምቱ ይህ ነው። አሁን ዋጋቸውን አስተያይ። ስለ ሰብሳቢ ምንም የማይለው የ1974ቱ ሣጥን በሺዎች፣ ለሰብሳቢ ነኝ ያለው ነጩ ሣጥን ግን በመቶዎች ነው የሚጠራው። ብዙ ታተመ፤ የገዙትም አስቀምጡት ስለተባሉ አስቀመጡት። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ደግሞ አይጠፋም።

አሳታሚ ብዛትን ሊወስን ይችላል። ማን ይጥለዋል፣ ማን ይቀደዋል፣ ከ40 ዓመት በኋላ ማን ይናፍቀዋል የሚለውን ግን ሊወስን አይችልም። ለማስቀመጥ ብለህ ከገዛህ፣ ካንተ ጋር ሌሎች ሺህ ሰዎች ዛሬ በጥንቃቄ ፕላስቲክ እያለበሱት መሆኑን አትርሳ።

3. እውነተኛ ብርቅነት አብዛኛውን ጊዜ ከስህተት ይወለዳል።

በ1981 ቲኤስአር «ፓላስ ኦፍ ዘ ሲልቨር ፕሪንሰስ» የተባለ የጨዋታ ጽሑፍ በብርቱካናማ ሽፋን አሳተመ፤ ደራሲዋ ጂን ዌልስ ነበረች። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ የድርጅቱ አለቆች አንዳንድ ሥዕሎቹን አይተው ደነገጡና እንዲሰበሰብ አዘዙ። አብዛኛው ቅጂ ተወገደ። ቶም ሞልድቬይ እንደገና ጻፈውና በአረንጓዴ ሽፋን ወጣ። ከመወገድ ያመለጡት ብርቱካናማ ቅጂዎች ዛሬ ሰብሳቢው ሁሉ የሚያሳድዳቸው ናቸው። የሚገርመው፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በኋላ የዚያኑ የታገደ ጽሑፍ ፒዲኤፍ በድረ ገጹ በነጻ ለቆታል። ጽሑፉ በነጻ ተለቆም ወረቀቱ ውድ ነው። ሰብሳቢ የሚገዛው ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ሌላም አለ። በ1980 የወጣው «ዲየቲስ ኤንድ ዴሚጎድስ» መጀመሪያ 144 ገጽ ነበር። ከደራሲዎቹ ከኤች. ፒ. ላቭክራፍትና ከማይክል ሙርኮክ ሥራዎች የተወሰዱት ሁለቱ ምዕራፎች ሲወጡ 128 ሆነ። ሻጩ ሁሉ ባለ 144ቱን «እጅግ ብርቅ» ይለዋል። ስሙ ገነነ እንጂ የወጣው ቅጂ ጥቂት አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ለሚፈልግ ሰው ይገኛል። ዝናና ብርቅነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሻጭ ግን አንድ አድርጎ ይነግርሃል።

4. ሽፋኑን ትተህ ጥራዙን እይ።

እዚህ ላይ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይ።

ከ2016 ጀምሮ፣ «ቮሎስ ጋይድ ቱ ሞንስተርስ» ሲወጣ፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት አንዱን መጽሐፍ በሁለት ሽፋን ማውጣት ጀመረ። ተራው በየትም ይሸጣል። ሌላው ሽፋን ግን የሚገኘው በጨዋታ መደብሮች ብቻ ነበር። ዋጋው ያው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ሃይድሮ74 በሚል ስም የሚታወቀው ንድፍ ሠሪ የሠራቸው ሽፋኖች አሉ፤ ደማቅ፣ ብረት ብረት የሚሉ፣ ሲዳስሷቸው እንደ ከፋይ የሚለሰልሱ። እውነቱን ለመናገር ውብ ናቸው።

አሁን ይህ ነገር ማተሚያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። ትልቁ ወጪ የመጽሐፉ ሆድ ነው፤ ባለ ቀለም ገጾች በትልልቅ ወረቀት ይታተማሉ፣ እየታጠፉ ባለ 16 ገጽ ቅጠል ይሆናሉ፣ ቅጠሎቹ ይደረደራሉ፣ ይሰፋሉ ወይም በሙጫ ይያያዛሉ። ይህ ለሁለቱም ሽፋኖች አንድ ነው። ለየት ያለው ሽፋን የሚጨምረው አንድ የሽፋን ፕሌት፣ የተለየ ልባስና ምናልባት በጋለ ብረት የሚጫን ፎይል ነው። ለአሳታሚው የሚያመጣው ጭማሪ ወጪ ከጠቅላላው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ታዲያ ዋጋውን ካልጨመሩ ምን አተረፉ? ትናንሽ መደብሮች ከአማዞን ቅናሽ ጋር ሊወዳደሩ አይችሉም። የተለየው ሽፋን ደንበኛውን ከስልኩ አንስቶ ወደ መደብሩ ይወስደዋል። አዲስ ሰው ጨዋታውን የሚማረው፣ አብሮት የሚጫወት ጓደኛ የሚያገኘው እዚያ መደብር ውስጥ ነው፤ መደብሩ ከተዘጋ አሳታሚውም ይጎዳል። ይህን ዘዴ አልነቅፈውም፤ ከማስታወቂያ ዘዴዎቻቸው ሁሉ የምወደው እንዲያውም እሱን ነው። የምነቅፈው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። አየር በአየር ነጋዴዎች መደብር ለመደብር እየዞሩ ለቅመው በማግስቱ በእጥፍ ያቀርቡታል። ከእነሱ አትግዛ። ሆዱ ያው ነው።

የሚበልጥ ዋጋ የሚገባው ነገር ቢኖር ስፌት ነው። መጽሐፉን ከላይ በኩል ተመልከተው። ገጾቹ ጀርባው ጋ እየታጠፉ በትንንሽ ቅጠል ተከፋፍለው ካየህ፣ አንዱንም ቅጠል መሃሉ ላይ ስትከፍተው ክር ካገኘህ፣ የተሰፋ ነው፤ ልጅህም ይጫወትበታል። አንድ ወጥ የወረቀት ክምር ሆኖ ሙጫ ብቻ ከታየህ ግን፣ ወርቅ የተቀባ ጠርዝና የሐር ዕልባት ቢኖረውም አንድ ቀን ወደ እኔ መምጣቱ አይቀርም። ሌዘሬት የሚሉትንም ቆዳ አድርገህ አትቁጠረው፤ ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው። ኬኦሲየም የተባለው አሳታሚ ይህን ሳይደብቅ በስሙ ሌዘሬት ብሎ ይሸጠዋል፤ አከብረዋለሁ። «በቆዳ የተሸፈነ የመሰለ» እያለ የሚዞርህን ግን ከምን የተሠራ ነው ብለህ ጠይቀው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እነዚያ ከፋይ የሚመስሉ ሽፋኖች የጣት አሻራና ጭረት ቶሎ ይይዛሉ። ለጠረጴዛ ከሆነ ተራው ሽፋን ይሻልሃል።

5. ገጽ ቁጠር።

በ1989 ቲኤስአር «ስፔልጀመር» የሚባል፣ መርከብ በጠፈር የሚቀዝፍበት ዓለም አወጣ። በ1994 ደግሞ «ፕሌንስኬፕ» መጣ። ያን ጊዜ የገዙት ልጆች ዛሬ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ኪሳቸው የሞላው በዚያው በናፍቆታቸው ዕድሜ ላይ ነው። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ስፔልጀመርን በ2022፣ ፕሌንስኬፕን በ2023 መለሰላቸው፤ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት መጽሐፍ አድርጎ በአንድ ማቀፊያ ሣጥን።

ስፔልጀመር ሦስቱም መጻሕፍት 64 ገጽ ናቸው፤ ድምሩ 192። በ2017 የወጣው «ዛናታርስ ጋይድ ቱ ኤቭሪቲንግ» በአንድ ሽፋን 192 ገጽ ነበረው፤ ዋጋው 49.95 ዶላር። ስፔልጀመር ደግሞ 69.99። የ20 ዶላር ገደማው ልዩነት ለተጨማሪ ሽፋኖች፣ ለሣጥኑ፣ ለአንድ ካርታና ለዳንጀን ማስተሩ መከለያ ነው። መከለያውና ካርታው የሚያስፈልግህ ከሆነ ተገቢ ዋጋ ነው። «ሦስት መጽሐፍ አገኘሁ» ብለህ ከሆነ ግን ተሸውደሃል።

6. «ውስን» ሲሉህ በምን የተወሰነ እንደሆነ ጠይቅ።

በቁጥር የተወሰነና በጊዜ የተወሰነ እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ።

በቁጥር የተወሰነውን ለማየት ቢድል ኤንድ ግሪምስን ተመልከት። ተዋናዩ ማቲው ሊላርድ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ድርጅት ነው። በ2018 «ዋተርዲፕ ድራጎን ሃይስት» የተባለውን የጨዋታ ታሪክ ፕላቲነም እትም በ499 ዶላር ሲያወጡ 1,000 ብቻ እንደሚሠሩ ተናገሩ። ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው። ይሁን እንጂ ሣጥኑ የተሠራው ለመጫወት ነው፤ ታሪኩ ዳንጀን ማስተሩ በቀላሉ እንዲይዘው በየክፍሉ ተከፋፍሏል፣ ካርታዎችና ተጫዋቾች በእጃቸው የሚይዟቸው ደብዳቤዎችና ቁሳቁሶች አሉት። ቁጥሩንም ፊት ለፊት ተናግረዋል። በኋላ ሲልቨር የሚባል ረከስ ያለ እርከን አመጡ፤ ይህም የታወቀ ጥበብ ነው፤ ከ499 በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ዋጋ ትንሽ ይመስላል።

በጊዜ የተወሰነው ግን ሌላ ነው። «እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ» ማለት በዚያ ወር ያዘዘ ሁሉ ያገኛል ማለት ነው። በ2021 የማግፓይ ጌምስ «አቫታር ሌጀንድስ» የተባለ ጨዋታ ኪክስታርተር በሚባለው የገንዘብ ማዋጫ ድረ ገጽ ላይ ሲቀርብ ከ80,000 በላይ ሰዎች ከ9.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። እንዲህ ባለ ዘመቻ ላይ ለአዋጪ ብቻ ተብሎ የሚወጣ ሽፋን፣ በሌላ ዘመን ከነበረ ተራ እትም በልጦ የሚታተም ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲቆጥር ልብህ ይመታል፤ እንዲመታ ነው የተሠራው። ማዘዣው ከመዘጋቱ አንድ ቀን በፊት ቁልፉን አትጫን፤ ወይ ቀደም ብለህ አስበህበት እዘዝ፣ ወይ ተወው።

7. ኪክስታርተር እቁብ አይደለም።

እቁብ ብትገባ ዳኛውን ታውቀዋለህ፣ ዕጣ የደረሰውም ዋስ ይጠራል። በኪክስታርተር ዋስ የለም። ድርጅቱ ከ2009 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ የታሰበው ገንዘብ ከሞላ 5 በመቶውን ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ ሌላ ነው። የቀረውን ፕሮጀክቱን ላቀረበው ሰው ያስረክባል። መጽሐፉን ማድረስ የዚያ ሰው ፈንታ ነው።

የኬኦሲየምን ታሪክ እወቀው። ግሬግ ስታፎርድ በ1975 የመሠረተው፣ በ1981 የሳንዲ ፒተርሰንን «ኮል ኦፍ ክቱሉ» ያወጣ የተከበረ ቤት ነው። በ2012 «ሆረር ኦን ዘ ኦሪየንት ኤክስፕረስ»ን፣ በ2013 የ«ኮል ኦፍ ክቱሉ»ን ሰባተኛ እትም በኪክስታርተር አቀረበ። ገንዘቡ ከታሰበው በላይ ጎረፈ። ስኬቱ ነው የጎዳቸው። ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር ለአዋጪው የሚሰጠው ስጦታ ይጨምራል፤ ስጦታው ወረቀት ነው፣ ወረቀት ይከብዳል፣ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከባድ ነገር ደግሞ ትርፉን ጠራርጎ ይበላል። የማጓጓዣው ሒሳብ ቀድሞ በትክክል አልተሠራም ነበር። በ2015 ስታፎርድና ፒተርሰን ድርጅቱን ለማዳን ተመለሱ፤ አስተዳደሩም ሙን ዲዛይን ለተባለ ድርጅት ሰዎች ተላለፈ። አዋጪዎቹ መጽሐፋቸውን አገኙ፤ ግን ብዙ ጠብቀው።

«ሰቨንዝ ሲ» የተባለው ጨዋታ ሁለተኛ እትምም በ2016 ከ11,000 ከሚበልጡ ሰዎች ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ እጅግ ብዙ መጻሕፍት ቃል ተገብቶ ነበር። በ2019 ሥራውን የተረከበው ማን መሰለህ? ያው ከመውደቅ የዳነው ኬኦሲየም።

ስለዚህ አንድ ዘመቻ ስታይ የስጦታውን ዝርዝር አትቁጠር። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ጽሑፉ ተጽፎ አልቋል ወይስ ገንዘቡ ሲገኝ ሊጻፍ ነው? ከዚህ በፊት ስንት ሥራ አድርሰዋል? መላኪያው አሁን ይከፈላል ወይስ በኋላ? «በኋላ» ካሉህ ዋጋውን ገና አታውቀውም ማለት ነው።

8. «ዳግም አይታተምም» የሚለውን ቃል በዚህ መንደር ብዙ አትመነው።

የጨዋታ ደራሲው ሞንቴ ኩክ በ2006 «ፕቶለስ» የተባለ 672 ገጽ ያለው ግዙፍ መጽሐፍ በ120 ዶላር አወጣ። ሲያልቅ ያገለገለው ቅጂ ዋጋ ሰማይ ነካ። በ2020 በኪክስታርተር ለአዲሶቹ የጨዋታ ሕጎች ተስተካክሎ ተመለሰ። የሞንቴ ኩክ ድርጅት በ2016 «ኢንቪዝብል ሰን» የተባለውን ጨዋታ በጥቁር ኩብ ሣጥን ሲያቀርብ ከ660,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ኩቡም በኋላ ዳግም ታትሟል። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ራሱ በ2012 የድሮዎቹን መመሪያዎች በልዩ እትም መለሰ፣ በ2013 የ1974ቱን ጨዋታ በተቀረጸ የእንጨት ሣጥን በ150 ዶላር ሸጠ።

ለማነጻጸር ያህል፣ የዚሁ ድርጅት የካርድ ጨዋታ የሆነው «ማጂክ» ከ1996 ጀምሮ ዳግም የማይታተሙ ካርዶች ዝርዝር አለው፤ ለሰብሳቢው የተገባ ቃል ነው። ሆኖም በ2022 ለ30ኛ ዓመቱ በውድድር ላይ የማይሠሩ የድሮ ካርዶች ቅጂዎችን አራት እሽግ በ999 ዶላር አወጣ፤ በእሽጎቹ ውስጥ በዝርዝሩ ያሉ ካርዶችም ነበሩባቸው። የካርዱ ጀርባ የተለየ ስለሆነ ቃሉ አልፈረሰም ተባለ። ቃል የተገባለት ካርድ እንዲህ ከሆነ፣ ምንም ቃል ያልተገባለትን መጽሐፍ ሒሳቡን አንተው ሥራው።

ይህ ለተጫዋች ደስ የሚል ዜና ነው፤ ዛሬ ያመለጠህ ነገ ይመጣል። የሚከፋው አትርፎ ሊሸጥ የያዘው ሰው ነው።

9. የጎደለ ቁጥር አያስቸኩልህ።

ቲኤስአር በድሮ ጽሑፎቹ ላይ ፊደልና ቁጥር ያትም ነበር፤ ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ3 እያለ። ሁለቱ ካሉህ ሦስተኛው ያሳክክሃል። ቢ3 ማለት ከላይ የነገርኩህ የብርቱካናማው ሽፋን ታሪክ ነው፤ አረንጓዴው ይበቃሃል።

10. ከመግዛትህ በፊት በነጻው ተጫወት።

የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ መሠረታዊ ሕጎች ከ2014 ጀምሮ በነጻ ይገኛሉ፤ ኬኦሲየምም ለ«ኮል ኦፍ ክቱሉ» ነጻ የጀማሪዎች መጽሐፍ አለው። አንድ ክረምት ተጫወቱበት። ከዚያ በኋላም ያንን መጽሐፍ ከፈለግህ ፍላጎቱ ያንተ ነው።

11. ከገዛህ ክፈተው።

አዲስ አበባ ስላለህ ዕቃው የሚመጣልህ በሰው ሻንጣ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ሣጥን የአንድ ሻንጣ ኪሎ ጉልህ ድርሻ ይወስዳል፤ በዚያ ሻንጣ ውስጥ የእናትህ መድኃኒትም እንዳለ አስብ። እኔ ጋ ከተላከ የካርቶኑን ሣጥን አውጥቼ መጻሕፍቱን ብቻ ልልክልህ እችላለሁ፤ ሣጥኑንም ካልክ ግን ተራህን ትጠብቃለህ።

እጅህ ሲገባ ፕላስቲኩን ቅደደው። ታሽጎ የቆየ ዋጋ ያወጣል የሚሉህን አትስማ፤ እኔ የማውቀውን ልንገርህ። በጥራዝ ሥራ ቅጠል ይዘለላል፣ ቅጠል ይደገማል፣ ተገልብጦ የሚሰፋም አለ። ማንም ማሽን ከዚህ ነጻ አይደለም። የታሸገውን መጽሐፍ ለ10 ዓመት መደርደሪያ ላይ አስቀምጠህ ከገጽ 96 ቀጥሎ 113 ብታገኝ ለማን ትጮኻለህ? ስለዚህ በደረሰህ ሳምንት ቁጭ ብለህ የገጹን ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተል፣ ካርታዎቹን ዘርግተህ እጥፋታቸውን እይ፣ ሽፋኑ ከሆዱ ጋር በደንብ መያዙን ፈትሽ። የጎደለ ካለ ፎቶ አንሳና ከደረሰኙ ጋር ለአሳታሚው ላክ። ቅጂው ሳያልቅባቸው ከጠየቅኸው ብዙዎቹ ይተኩልሃል።